«በጀት የለም» ከተባላችሁ በኋላ ምን ትጠይቃላችሁ? ለሐዋሳ ወጣቶች

ጥያቄው፦ «የምንኖረው ሐዋሳ ነው። 11 ወጣቶች ነን፤ አብዛኞቻችን ዘንድሮ ነው የተመረቅነው። ከሁለት ትምህርት ቤቶች የአካባቢ ጥበቃ ክበባት ጋር ሆነን ተማሪዎችን ቆሻሻ ስለ መለየትና ስለ ጥቁር ውሃ ረግረግ ማስተማር እንፈልጋለን። ቀበሌ ሄድን፤ ወደ ክፍለ ከተማ ላኩን። ክፍለ ከተማው ወደ ማዘጋጃ ቤት ላከን። እዚያ ደግሞ ‹ሐሳባችሁ ጥሩ ነው፣ በጀት ግን የለም› አሉን። ጉዳዩ የሚመለከተው የትኛውን ቢሮ ነው? ከመንግሥት ምን ዓይነት ድጋፍ መጠየቅ እንችላለን? ተማሪዎቹን ውሃው ድረስ መውሰድስ ይቻላል?»

እህቴ፣ «በጀት የለም» ያለሽ ሰው አልዋሸሽም። ደብዳቤያችሁን አላየሁትም። እንዲህ ዓይነት ደብዳቤ ግን ብዙ አንብቤአለሁ፤ ራሴም ጽፌአለሁ። ቲሸርት፣ ኮፍያ፣ ባነር፣ የአዳራሽ ኪራይ፣ የውሎ አበል፣ የታሸገ ውሃና ብስኩት ይዘረዘራል። ከታች ጠቅላላ ድምር ይቀመጣል። ኃላፊው ገልበጥ አድርጎ የሚያየው ድምሩን ነው። የዓመቱ ገንዘብ ደግሞ ሐምሌ ላይ በየርዕሱ ተከፋፍሎ አልቋል። ስለዚህ ሰውዬው ሊሰጣችሁ የሚችለው መልስ ያው የሰማችሁት ነው።

ከተማ አስተዳደሩ ግን ከገንዘብ ሌላ ብዙ ነገር አለው። ግቢ አለው። የቆሻሻ መኪና አለው። የክፍለ ጊዜ ድልድሉ በትምህርት ጽሕፈት ቤቶቹ እጅ ነው። ደሞዝ የሚከፈላቸው የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያዎች አሉት። ቤት ለቤት ቆሻሻ ከሚሰበስቡት ማኅበራት ጋር ይሠራል። ማኅተምም አለው፤ ማኅተም ደግሞ ብዙ በር ይከፍታል። እኔ የምመክራችሁ እነዚህን እንድትጠይቁ ነው። ቲሸርቱ ይቅር።

እኔ ይህን የተማርኩት ልጆች ፊት አፍሬ ነው። ከዓመታት በፊት በአንድ የከተማችን ትምህርት ቤት የሃይላንድ ጠርሙስ ማሰባሰብ ጀመርን። ልጆቹ ጉድ አሰኙን። በሦስት ሳምንት ውስጥ ከመማሪያ ክፍሎቹ ጀርባ የማዳበሪያ ጆንያ ተደርድሮ ግድግዳ ሆነ። ማን እንደሚወስደው ግን ቀድመን አልተነጋገርንም። አንድ ኃላፊ «መኪና እልካለሁ» ብሎን ነበር፤ የውሃ ሽታ ሆኖ ቀረ። ቆራሌው መጣ፣ አንዱን ጆንያ በእጁ ከፍ አድርጎ መዘነው፣ «ይሄ የባጃጅ እንኳ አያወጣም» ብሎን ሄደ። ክረምት ገባ። ጆንያዎቹን ፀሐይ በልቷቸው ስለነበር ተቀደዱ። አንድ ሌሊት ሲዘንብ አደረ፤ ጠዋት ስንደርስ ጠርሙሱ ቦዩን ሞልቶ ወደ ሐይቁ እየወረደ ነበር። አንዲት የ6ኛ ክፍል ልጅ አጠገቤ ቆማ «ቲቸር፣ እቤታችን ብንተወው ይሻል ነበር አይደል?» አለችኝ። የምመልስላት አልነበረኝም።

ስህተታችን የሒሳብ ነበር። አንዲት የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ባዶዋን ከ10 እስከ 20 ግራም ብትመዝን ነው። አንድ ኪሎ ለመሙላት ከ50 እስከ 100 ጠርሙስ ያስፈልጋል። ክብደቱ ትንሽ፣ የሚይዘው ቦታ ግን ብዙ ነው። ስለዚህ የሪሳይክል ሥራ የሚሰናከለው ማጓጓዣና ማከማቻ ላይ ነው፤ ልጆቹ መሰብሰቡን አይሰንፉም። ጠርሙሱን ክዳኑን አውልቆ፣ ረግጦ፣ አጣጥፎ ማስቀመጥ ብቻውን ጆንያውን በእጥፍ ያተርፋል። ከዚያ በኋላ የሚያስፈልጋችሁ ዝናብ የማይገባበትና የሚቆለፍ አንድ ክፍል ነው። ቀጥሎም በሁለት ሳምንት አንዴ ጎራ የሚል መኪና፤ ወይም በቋሚነት የሚወስድላችሁ ማኅበር። ሦስቱም ያለ አዲስ በጀት የሚገኙ ናቸው። ውሳኔ ብቻ ነው የሚፈልጉት።

አሁን ወደ ቢሮው ጉዳይ። አንድ ቢሮ ፈልጋችሁ ከሆነ አታገኙም፤ ያንከራተታችሁም እሱ ነው። ቆሻሻው የማዘጋጃ ቤቱ የጽዳትና ውበት ክፍል ሥራ ነው። ተማሪዎቹ የትምህርት መምሪያው ናቸው። ረግረጉ የአካባቢ ጥበቃው ነው። የእናንተ መደራጀት የወጣቶችና ስፖርት ነው። የእነዚህ መሥሪያ ቤቶች ስም በየጊዜው ይቀያየራል፤ ስለዚህ ስማቸውን ትታችሁ «ይህን ሥራ የሚሠራው ክፍል» ብላችሁ ጠይቁ። መጀመሪያ የምትሄዱት ግን ወደ ትምህርት ነው። ተማሪ እስካለበት ድረስ ያለ ትምህርት መምሪያ ፈቃድ ማንም አይነካላችሁም። እነሱ ከተቀበሉት ሌሎቹ ለመፈረም አይቸገሩም።

አራት የተለያየ ደብዳቤ አትጻፉ። አንድ ገጽ የመግባቢያ ሰነድ አዘጋጁ፤ ለእያንዳንዱ ክፍል የየራሱን ሥራ ብቻ ስጡት። ለትምህርቱ፦ በሳምንት አንድ የክበብ ክፍለ ጊዜ በመደበኛው ፕሮግራም ላይ እንዲሰፍር፣ በወር ደግሞ አንድ የግማሽ ቀን የመስክ ጉዞ እንዲፈቀድ። ለጽዳቱ፦ ያ የሚቆለፍ ክፍልና መኪናው። ለአካባቢ ጥበቃው፦ በወር ሁለት ሰዓት የሚያስተምር አንድ ባለሙያ። ሰነዱ ላይ የሰው ስም አታስገቡ፤ የሥራ መደቡን ጻፉ። ኃላፊ ይነሳል፣ ይዛወራል። «አቶ እገሌ ፈቅደውልን ነበር» የሚል ፕሮጀክት ደግሞ ከአቶ እገሌ ጋር አብሮ ይሄዳል።

እግረ መንገዴን፣ ደብዳቤው ላይ «ረግረግ» ብቻ ብላችሁ አትለፉ። የመንግሥት ሰነዶች «ውሃ አዘል መሬት» ነው የሚሉት። ባለሙያው በዚያ ቃል ነው ዕቅዱ ውስጥ የሚያገኘው።

በሕግ በኩል ባዶ እጃችሁን አይደላችሁም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 በንጹሕና ጤናማ አካባቢ የመኖርን መብት ይሰጣል፤ በአንቀጽ 92 ደግሞ አካባቢን መጠበቅን የመንግሥትም የዜጎችም ግዴታ ያደርገዋል። የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/1999 እያንዳንዱ ቤተሰብ ዳግም ሊያገለግል የሚችለውን ቆሻሻ ለይቶ እንዲያስቀምጥ ያዘዘው ከ18 ዓመት በላይ ሆኖታል። በ2017 የተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው አዲሱ አዋጅ ደግሞ ፌስታልን ከልክሏል። ይህን ሕግ ለኅብረተሰቡ ማስረዳት የከተማ አስተዳደሩ የቤት ሥራ ነው። እናንተ የምትሄዱት ልትለምኑ አይደለም፤ የእሱን ሥራ ልታግዙ ነው። ደብዳቤው ላይ በአንድ አረፍተ ነገር ይህን አስቀምጡት፤ አነጋገራችሁም ይቀየራል።

ማኅበር ወይም ድርጅት ሆናችሁ ለመመዝገብ አሁን አትቸኩሉ። ምዝገባ ጊዜ ይበላል፤ በየዓመቱ ሪፖርትና ኦዲት ያመጣል። የትምህርት ቤት ክበብ ሕጋዊ ሕልውናውን ከትምህርት ቤቱ ያገኛል፤ እናንተ የክበቡ በጎ ፈቃደኛ አሰልጣኞች ሁኑ። ክረምት ላይ ደግሞ የክረምት በጎ ፈቃድ አገልግሎት የሚባለው መርሐ ግብር አለ። የተዘጋጀ መዋቅር ስለሆነ እዚያ ውስጥ ግቡ።

አሁን እኔን ወደሚያንገበግበኝ ጉዳይ ልምጣ፤ ምን እንደምታስተምሩ።

ብዙ ጊዜ ልጆችን «አካባቢያችሁን ጠብቁ» እንላቸዋለን። እነሱም በዝማሬ ይደግሙታል። ከዚያ መጥረጊያ እናስይዛቸውና ፎቶ እናነሳቸዋለን። ይህ የጽዳት ዘመቻ ነው፤ ትምህርት ግን ሌላ ነው። ልጁ ሐይቁ እንዴት እንደሚሠራ ቢያውቅ ማንም ሳይነግረው ይቆረቆርለታል።

የሐዋሳ ሐይቅ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዓይን የሚታይ መውጫ የለውም። ዓመቱን ሙሉ የሚገባበት ዋናው ወንዝ አንድ ነው፤ ጥቁር ውሃ። የገባው ውሃ አብዛኛው ይተናል፣ ጥቂቱ ከመሬት በታች ይሰርጋል። ፌስታል ግን አይተንም። ማዳበሪያም አይተንም። በሌላ ከተማ ወንዝ ቆሻሻውን ይዞ ወደ ሌላ አገር ይሄድ ይሆናል፤ የእኛ ግን ወደ ሐይቁ የጣልነው ሁሉ እዚሁ ከእኛ ጋር ይቀራል። ይህን አንድ ነገር ብቻ የገባው ልጅ ፍቅር ሐይቅ ዳር ቁጭ ብሎ ሃይላንዱን ወደ ውሃው አይወረውርም።

ጥቁር ውሃ ደግሞ የሚመጣው ከጨለለቃ ረግረግ ነው። ከወንዶ ገነት ተራሮች የሚወርዱት ጅረቶች መጀመሪያ እዚያ ያርፋሉ። ጨለለቃ ከ50 ዓመት በፊት ክፍት ውሃ ነበር። ሰፈር ውስጥ ያሉ አዛውንቶችን ጠይቁ፤ «ሐይቅ ነበር» ይሏችኋል። ከላይ የሚታጠበው አፈር እየሞላው ሄዶ ዛሬ በአብዛኛው ረግረግና የከብት ግጦሽ ሆኗል። እንደዚያም ሆኖ ሥራውን አልተወም። ጎርፉ አፈርና ማዳበሪያ ተሸክሞ ሲመጣ ፊላውና ሣሩ ያዘገዩታል። ውሃ ሲዘገይ የተሸከመውን ይጥላል፤ ደለሉ እዚያው ይቀራል። ናይትሮጅንና ፎስፈረሱን ተክሉ ይስበዋል። ሥሩ አካባቢ ጭቃው ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ደግሞ ናይትሬቱን ወደ ጋዝ ቀይረው ወደ አየር ይለቁታል። ረግረጉ ከታረሰ ወይም ከደረቀ ያ ሁሉ በቀጥታ ሐይቁ ውስጥ ይገባል። አልጌው ይፈላል፣ ውሃው ኦክስጅን ያጣል። አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ የሚሸጠው ቆሮሶ ደግሞ የሚራባው ጥልቀት በሌለው፣ ሣር ባለበት ዳርቻ ነው። ልጁ የሚበላው ዓሣና ማንም ዞር ብሎ የማያየው ፊላ የተያያዙት እዚህ ላይ ነው።

ይህን በጥቁር ሰሌዳ ላይ አታስረዱት። ሁለት ትልልቅ የውሃ ጠርሙስ በቁመት ቅደዱ። ሁለቱንም አፈር ሙሉ። አንዱ ላይ ከነሥሩ የተነቀለ ሣር ትከሉ፤ ሌላውን ባዶውን ተዉት። አፋቸውን ወደ ታች ዘንበል አድርጋችሁ ከሥራቸው ሁለት ብርጭቆ አስቀምጡ። በቆርቆሮ ጣሳ እኩል ውሃ አፍስሱ። ከባዶው የሚወርደው ቡና የመሰለ ነው። ከሣሩ የሚወርደው ዘግይቶ፣ ጥራት ይዞ ይመጣል። ሁለቱን ብርጭቆ መስኮት ላይ ደርድሩና ልጆቹ እስኪበቃቸው ይዩ። አንዳንዱ ዞሮ ዞሮ ይመለሳል፤ ጣቱን ሊነክርበት ይፈልጋል። ተዉት ይንከር።

ለፕላስቲኩም እንዲሁ። አንድ ሃይላንድ በመቀስ ከርክሙና ከነክዳኑ ባልዲ ውሃ ውስጥ ጨምሩት። የጠርሙሱ ቁራጭ ይሰምጣል፤ ክዳኑ ይንሳፈፋል። ልጆቹ ይገረማሉ፤ ፕላስቲክ ሁሉ አንድ ይመስላቸው ነበርና። የጠርሙሱ ገላ ከውሃ ከባድ የሆነ ፕላስቲክ ነው፣ ከሥሩ በሦስት ማዕዘን ውስጥ 1 ቁጥር አለው። ክዳኑ ከውሃ ቀላል የሆነ ሌላ ዓይነት ነው። ፋብሪካ ሁለቱን የሚለየው በዚሁ ዘዴ ነው። «ክዳኑን ለዩ» ስትሏቸው ከዚያ በኋላ ትእዛዝ አይሆንባቸውም። ደግሞም ሐይቅ ዳር ስንቆም የምናየው የሚንሳፈፈውን ብቻ መሆኑን ራሳቸው ይደርሱበታል። የሰመጠውን ማን አየው?

አንድ ቆራሌ ክፍል ውስጥ ጋብዙ። ከልቤ ነው የምላችሁ። «ቆርቆሮ ያለው!» እያለ በየሰፈሩ የሚዞረው ሰው ሪሳይክል የሚለው ቃል ሳይመጣ በፊት ሥራውን ሲሠራ ኖሯል። ጠርሙሱን ጨበጥ አድርጎ ከሚንጫጫው ድምፅ ምን ዓይነት እንደሆነ ይነግራችኋል። የትኛው እንደሚሸጥ፣ የትኛው እንደማይሸጥ፣ ለምን ባለ ቀለሙ ጠርሙስ እንደሚረክስ ያውቃል። አንድ ክፍለ ጊዜ ስጡትና የትራንስፖርት ይከፈለው። ልጆቹ ቀጥሎ በሰፈራቸው ሲያዩት ሰላም ይሉታል። ይህም ትምህርት ነው።

የሚበሰብሰውን ቆሻሻ አትርሱ። ከየቤቱ የሚወጣው ከግማሽ በላይ እሱ ነው፤ ልጣጭ፣ ቅጠል፣ የቡና አተላ፣ የጫት ገረባ። ትምህርት ቤቱ ግቢ ጥግ ላይ አንድ የኮምፖስት ጉድጓድ ይበቃል። የክበቡን ችግኝ ያሳድግላችኋል፤ መኪናም አይፈልግም።

ማስተማሪያ ወረቀት ካዘጋጃችሁ በአማርኛና በሲዳምኛ ይሁን። በቱላ አካባቢ ባሉት ትምህርት ቤቶች በአማርኛ ብቻ ከሄዳችሁ ትንንሾቹ ዝም ብለው ያዩአችኋል። ከወንዶ ገነት የደንና የተፈጥሮ ሀብት ኮሌጅ ተማሪዎች ጋር ተገናኙ፤ ረግረጉንም ቋንቋውንም የሚያውቁ ልጆች እዚያ አሉ። የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ተፋሰስ ጽሕፈት ቤትም እዚሁ ሐዋሳ ነው፤ ካርታና መረጃ ጠይቁት።

አሁን ተማሪዎቹን ውሃው ድረስ ስለ መውሰድ። ይቻላል፣ ግን በሥርዓት። መጀመሪያ ወሰኑን እወቁ። የጥቁር ውሃን ድልድይ ስትሻገሩ ኦሮሚያ ነው፤ የጨለለቃም ብዙው ክፍል ከከተማው ወሰን ውጭ ነው። የሐዋሳ ከተማ ደብዳቤ እዚያ አይሠራም። ስለዚህ ለመጀመሪያው ዓመት ከተማው ወሰን ውስጥ ያለ የሐይቅ ዳርቻ ምረጡ። ወደ ረግረጉ መግባት በሁለተኛው ዓመት፣ ከወረዳው ፈቃድ ጋር ይሁን።

ወደ ጥቁር ውሃ መግቢያ አካባቢ ጉማሬ አለ። ጉማሬ ሌሊት ለግጦሽ ይወጣል፤ ማለዳና አመሻሹ አደገኛ ነው። ከጠዋቱ 3 ሰዓት በኋላ ሂዱ፤ ከቀኑ 6 ሰዓት በፊት ተመለሱ። አካባቢውን የሚያውቅ ዓሣ አጥማጅ ይዛችሁ፣ እሱ «እዚህ ቁሙ» ባለበት ቁሙ። ማንም ልጅ ጫማውን አውልቆ ውሃ ውስጥ አይግባ። ብልሃርዝያ ያለበት አካባቢ ነው፤ ትሉ በባዶ ቆዳ ነው የሚገባው። ጀልባም አትሳፈሩ። ለ10 ልጆች አንድ አዋቂ፣ ከወላጅ የተፈረመ ወረቀት፣ የላስቲክ ጓንት። መርፌና ስባሪ ጠርሙስ ልጆች አይንኩ፤ አዋቂው ያንሳው።

እዚያ ስትደርሱ ከማጽዳታችሁ በፊት ቁጠሩ። የ10 ሜትር ገመድ በዳርቻው ዘርጉ። በገመዱ ልክ ያለውን ሁሉ ልጆቹ በዓይነት ይቁጠሩት፤ ሃይላንድ ስንት፣ ፌስታል ስንት፣ ጫማ ስንት። በደብተር ይጻፉት። በሚቀጥለው ወር እዚያው ቦታ፣ ያው ገመድ። ያዩትን ወፍም ይጻፉ፤ አባ ኮዳ ሁልጊዜ አለ፣ ሌሎቹ ግን ይመጣሉ ይሄዳሉ። ይህ ደብተር በሥራችሁ ውስጥ ትልቁ ነገር ነው። የስድስት ወር ቆጠራ ይዞ የከተማው ምክር ቤት ቋሚ ኮሚቴ ፊት የሚቆም የ7ኛ ክፍል ተማሪ ጆሮ ያገኛል። ሰነዱ ላይ ይህንንም አስገቡ፦ በዓመት አንዴ 15 ደቂቃ፣ ተማሪዎቹ ራሳቸው ውጤታቸውን እንዲያቀርቡ።

ስለ ጊዜው። የዓለም የውሃ አዘል መሬት ቀን በእኛ አቆጣጠር ጥር 25 አካባቢ ይውላል። የአካባቢ ጥበቃ ቢሮዎች በዕለቱ የሚያሳዩት ነገር ይፈልጋሉ። ሰነዱን ኅዳር ላይ አስፈርማችሁ የመጀመሪያውን የገመድ ቆጠራ ለዚያ ቀን አድርሱት። ከዚያ የካቲት ላይ፣ የመሥሪያ ቤቶቹ የቀጣይ ዓመት ዕቅድ ሳይዘጋ፣ ትንሽ የገንዘብ ጥያቄ ማስገባት ትችላላችሁ። ጓንት፣ ሚዛን፣ ለጉዞ አንድ አውቶቡስ። ያኔ በእጃችሁ የመጀመሪያዎቹ ቆጠራዎች ደብተር ይኖራል፤ የጥያቄያችሁም ርዕስ በዕቅዱ ውስጥ ይገባል። ሰኔ ላይ ከሄዳችሁ ግን መልሱ የዘንድሮው ነው የሚሆነው።

የሰነዱን ረቂቅ ከመፈረሙ በፊት እዚሁ ብታስቀምጪው አይቼ አስተያየት እሰጥበታለሁ። የትምህርት ቤቶቹን ስምና የልጆቹን ፎቶ ግን አታስገቢ።